ያ ልጅ አባቱን አገኘው?

በዚህ እትም የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ባለ 32 ኢንች አሮጌ ቴሌቪዥን ነው። ለመንፈሳዊ መጽሔት ቀለል ያለ ርእስ ሊመስላችሁ ይችላል። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ነገሩ የሆነው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ረቡዕ ረቡዕ ማታ የቤት ኅብረታችን የሚሰበሰበው እኛ ቤት ነው። ቤታችን ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ሲሆን ሳሎኑ ዐሥራ ሁለት ሰው ሲገባበት እግር መዘርጊያ እንኳ አይኖረውም። ልጆቼ ያኔ ወንዱ 7፣ ሴቷ 4 ዓመታቸው ነበር። እኛ ጸሎት በጀመርን ቁጥር እነሱ ጠብ ይጀምራሉ። አንዱ ውሃ ይጠይቃል፣ ሌላዋ የአንዲቱን እኅት ነጠላ ትጎትታለች፣ ከዚያ ሁለቱም እኩል ሽንታቸው ይመጣል። በዚያ ሰሞን ለሳሎን አዲስ ቴሌቪዥን ገዝተን ስለነበር አሮጌው ተርፎ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። እኔና ባለቤቴ ብዙም አልተማከርንበትም። አሮጌውን ልጆቹ ክፍል አስገብተን ከአልጋቸው ፊት ለፊት ኮመዲኖ ላይ አስቀመጥነው፤ ተጨማሪ ሪሲቨር ገዝተንም ከዲሹ ገመድ ሳብንለት።

የዚያን ረቡዕ ጸሎታችን ያለ አንዳች ሁከት አለቀ። አንድ ወንድም ሊወጣ ሲል እጄን ይዞ "ዛሬ የጌታ መገኘት ልዩ ነበር" አለኝ። አሜን አልኩት። በልቤ ግን ካርቱኑን ነበር የማመሰግነው።

የረቡዑ ነገር ሐሙስም ተደገመ። ሐሙስ እኔ ለእሁድ የማስተምረውን የማዘጋጅበት ቀን ስለሆነ ዝምታ ያስፈልገኛል። ዓርብ ባለቤቴ ከሥራ ደክሟት ትገባለች። ቅዳሜ ደግሞ ቅዳሜ ነው። አንድ ወር ሳይሞላ ቴሌቪዥኑ በየማታው መብራት ጀመረ። ቤታችን ጸጥ አለ። እንግዶችም "ልጆቻችሁ እንዴት ጨዋ ናቸው!" ይሉን ጀመር።

ከዚያ በፊት ማታ ማታ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አብሬያቸው እጸልይ ነበር። ረጅም ጸሎት አይደለም። ልጄ የክፍል ጓደኞቹን ስም እየጠራ ይጸልያል፤ እኅቱ ለጎረቤት ድመት ትጸልያለች። ቴሌቪዥኑ ከገባ በኋላ አንድ ማታ ስገባ ልጄ ዓይኑን ሳይነቅል "አባዬ፣ ይቺን ልጨርሳትና" አለኝ። "እሺ" አልኩት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደክሞኝ ስለነበር። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። ከዚያ እሱ "ልጨርሳት" ማለቱን ተወ፣ እኔም መግባቴን ተውኩ። ወደ አራት ወር ገደማ።

በእነዚያው ወራት እሁድ እሁድ ለወጣቶቻችን ዘዳግም ምዕራፍ 6ን አስተምር ነበር። እስራኤላዊው አባት ቃሉን ለልጆቹ በቤት ሲቀመጥ፣ በመንገድ ሲሄድ፣ ሲተኛና ሲነሣ እንዲነግራቸው የታዘዘበትን ክፍል ማለቴ ነው። ሰሌዳው ላይ የመኝታውን ሰዓት ጽፌ አሰመርኩበትና ስለ ማታ ጊዜ ዋጋ ሩብ ሰዓት ያህል ተናገርኩ። ከኋላ የተቀመጠች የ11ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። "ጋሼ፣ እርስዎ ማታ ማታ ለልጆችዎ ምን ይነግሯቸዋል?" በክፋት አልጠየቀችም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው። እኔ ግን "እንደ ሁኔታው ነው" ብዬ አለፍኩ። ይህ ውሸት አይባልም ብላችሁ ልትከራከሩልኝ ትችላላችሁ። ወደ ቤት ስመለስ ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብዬ ራሴ ለራሴ እንዲሁ ተከራክሬለት ነበር፤ አልረታሁም።

ይሁን እንጂ ቴሌቪዥኑን ከዚያ ክፍል ያስወጣኝ የዚያች ልጅ ጥያቄ አይደለም። ኅሊና ሲወቀስ ይከርማል፣ ከዚያ ይለምደዋል።

አንድ ማታ ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ ውሃ ልጠጣ ስነሣ በልጆቹ በር ስር ሰማያዊ ብርሃን አየሁ። ድምፅ የለም። በሩን ስከፍት ትንሿ ተኝታለች። ልጄ ግን ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ ቁጭ ብሏል። እንዳንሰማው ድምፁን አጥፍቶታል። መቼም አባት እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው መጀመሪያ የሚፈራው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ቶሎ ወደ ስክሪኑ ዞርኩ። የፈራሁት አልነበረም። ዜና ነበር፦ የፈረሰ ሕንፃ፣ አቧራ፣ የሚሮጡ ሰዎች፤ ወዲያው ደግሞ የአየር ሁኔታ መጣ። በሪሞቱ አጠፋሁትና "ተኛ፣ ነገ ትምህርት አለ" አልኩት። እፎይ ብዬ ተመለስኩ። ነውር ነገር አላየማ!

ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ገላውን ሳጥበው ሳሙናው ፊቱ ላይ እያለ ዓይኑን እንደጨፈነ "አባዬ፣ ያ ልጅ አባቱን አገኘው?" አለኝ።

"የቱ ልጅ?"

"ያ ነዋ። አቧራው ውስጥ የነበረው። አባቱን ሲጠራ የነበረው።"

እኔ ያንን ልጅ አላየሁትም። በሩን የከፈትኩት እሱ ካለፈ በኋላ ነው። ድምፁ ጠፍቶ ስለነበር ልጄም የሰማው ነገር አልነበረም። የልጁን ከንፈር አይቶ ይሆናል፤ ወይም እሱ በዚያ ቦታ ቢሆን የሚጠራውን ሰው አስቦ ይሆናል። "አዎ፣ አግኝቶታል" ልል ነበር፤ ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። "አላውቅም ልጄ" አልኩት። እሱም ቀስ ብሎ "እኔም አላወቅኩም" አለ። ውሃውን አፈሰስኩበት።

ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ስለ ልጆችና ስለ ቴሌቪዥን ስንነጋገር ሁላችንም የምንጠይቀው ምን እንደሚያዩ ነው። ስድብ አለው ወይ? ልብስ የለበሱ ናቸው ወይ? አስማት አለበት ወይ? እነዚህ የሚናቁ ጥያቄዎች አይደሉም። እኔም የዚያን ማታ እነዚህኑ ነበር የፈተሽኩት፤ ልጄም አለፈ። ከማን ጋር እንዳየ ግን አልጠየቅኩም።

እኔ ያደግሁት ሻሸመኔ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በሰፈራችን ቴሌቪዥን ያላቸው ሁለት ቤቶች ብቻ ነበሩ። አንዱ እኛ ልጆች "እማማ" የምንላቸው ጎረቤታችን ቤት ነው። ቴሌቪዥኑ ቡፌው ላይ ዳንቴል ለብሶ ይቀመጣል፤ ዳንቴሉን የማንሣት ሥልጣን የእማማ ብቻ ነበር። የልጆች ዝግጅት ባለበት ቀን ጫማችንን ደጃፍ ላይ አውልቀን ከሃያ የማናንስ ልጆች ምንጣፉ ላይ እንደረደራለን፣ አባባ ተስፋዬን ለማየት። ተስፋዬ ሳህሉ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ሲነግሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ወላጆቻችሁን ብትጠይቋቸው ፊታቸው ሲበራ ታያላችሁ።

ያ ሳጥን ግን ሁልጊዜ ተረት አልነበረም የሚያመጣልን። ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. መቀሌ የሚገኘው የአይደር ትምህርት ቤት ከአውሮፕላን በተጣለ ቦምብ ተመታ። ምስሉ በቴሌቪዥን ሲቀርብ እኛ እማማ ሳሎን ነበርን። ዕድሜዬ 9 ነበር። እማማ "እኔን! እኔን ልጆቼን!" ብለው ደረታቸውን መቱ። አጠገባቸው የነበረውን ልጅ፣ የማን እንደሆነ እንኳ ሳያዩ፣ ወደ ጉያቸው ሳቡት። ከዚያ ተነሥተው አጠፉትና ዳንቴሉን መለሱበት። ወደ ቤታችን ግን አልሸኙንም። ቡና ሊያፈሉ ከሰል አቀጣጠሉ፣ ለእኛም ቆሎ ዘገኑልን። ከመካከላችን አንዱ "ለምን ልጆቹን መቷቸው?" ብሎ ጠየቀ። እማማ መልስ አልነበራቸውም። ራሳቸውን ነቀነቁና "እግዜር ይየው" ብቻ አሉ። ቆሎውን ዝም ብለን በላን።

በዚያ ቀን ስክሪኑ ላይ ያየሁትን ዛሬ በደንብ አላስታውሰውም። የእማማን ፊት ግን አሁንም አየዋለሁ። ለማያውቁት ሰው ልጅ እንደሚለቀስ የተማርኩት ከዚያ ፊት ነው። ሌላም ብዙ ነገር ተምሬያለሁ። ፊልም ላይ መሳሳም ሲመጣ "ፊታችሁን አዙሩ!" ይሉናል፤ እኛ በጣቶቻችን መሃል እያየን እንስቃለን፤ ሆኖም ያ ነገር በአደባባይ የማይደረግ የከበረ ነገር እንዳለበት ገብቶናል። አንድ ባለሥልጣን በዜና ሲናገር ደግሞ አፋቸውን ጠመም ያደርጋሉ፤ ቴሌቪዥን ያለው ሁሉ እውነት እንዳልሆነም በዚያው ተማርን። ዘመኑ ጥሩ ነበር ለማለት አይደለም። ከመካከላችን እግሩ ይሸታል ተብሎ ከበር የሚመለስ ልጅ ነበር፤ ዛሬም ሳስታውሰው ያመኛል። እሱ በመስኮት ነበር የሚያየው።

ልጄ ያንን ልጅ ሲያይ ግን አጠገቡ "እኔን!" የሚል ሰው አልነበረም።

የጤናውን ጉዳይ በአጭሩ ልለፈው፤ ሐኪሞች ከእኔ በተሻለ ይናገሩታል። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ እናንተ ከ13 እስከ 18 ያላችሁ ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ እንደሚያስፈልጋችሁ የእንቅልፍ ሐኪሞች ይመክራሉ። ማታ ዓይን ላይ የሚወድቅ ብርሃን እንቅልፍ የሚያመጣውን ሜላቶኒን የተባለ ሆርሞን ያዘገየዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ከ1 ሰዓት በላይ ስክሪን ፊት እንዳይቀመጡ መክሯል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርም የልጆች መኝታ ቤት ከስክሪን ነጻ ይሁን ይላል። በዚያው አገር እንደ እነሱ አቆጣጠር በ2010 በወጣ አንድ ጥናት ከ8 እስከ 18 ዓመት ካሉት መካከል 71 በመቶዎቹ መኝታ ቤታቸው ውስጥ ቴሌቪዥን ነበራቸው። ምክሩና ኑሮው በአንድ አገር ተቃቅፈው ይኖራሉ ማለት ነው። በእኔም ቤት እንዲሁ ነበር፤ ዘዳግም 6 ሳሎን ውስጥ፣ ሪሞቱ መኝታ ቤት።

ይህን ሐሳብ ለአንድ የወጣቶች መሪ ሳካፍለው ሳቀብኝ። "ወደ ሕግ ልትመልሰን ነው እንዴ?" አለኝ። ፍርሃቱ ይገባኛል። በልጅነቴ አንድ ሽማግሌ ቴሌቪዥን የገዛን ቤተሰብ ስም ሳይጠሩ ከመድረክ ላይ ሲገሥጹ ሰምቻለሁ። ቤተሰቡ ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበርና አንገታችንን አዙረን አየናቸው። ዛሬ ብዙ መድረኮቻችን በሳተላይት ይተላለፋሉ፤ ምስሉ የደበዘዘ ዕለት የሚቆጡት ሽማግሌዎቹ ናቸው። ጌታ ራሱ በማርቆስ 7 ሰውን የሚያረክሰው ከልቡ የሚወጣው እንደሆነ አስተምሯል። ስለዚህ ዕቃው ርኩስ ነው የሚል ክርክር ውስጥ አልገባም። የእኔ ቴሌቪዥን ምንም ኃጢአት አልሠራም። ልጆቼን ለእሱ አስረክቤ በሩን ዘግቼ የወጣሁት እኔ ነኝ። በቴሌቪዥኑ ቦታ መንፈሳዊ ጣቢያ ብቻ የሚያሳይ ቴሌቪዥን ቢሆን ኖሮም በሩን መዝጋቴ ያው በር መዝጋት ነበር።

"ዛሬ ባያይ ነገ ያያል" የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ ያያል። ነገ መንገድ ብቻውን ያቋርጣል ብለን ግን የ4 ዓመት ልጅ ዛሬ ቀለበት መንገድ ላይ አንለቅም። እጁን ይዘን ደጋግመን እናሻግረዋለን፤ አንድ ቀን ራሱ እጃችንን ይለቃል።

ያልቻልኩት ሌላውን ነው። ከቤት ኅብረታችን አንዲት እናት አለች፤ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ። ይህንን ጉዳይ ባነሣሁበት ረቡዕ ጸጥ ብላ ሰማችኝና "እናንተ የልጆች ክፍል አላችሁ። እኔ ያለኝ አንድ ክፍል ነው፤ አልጋውም ቴሌቪዥኑም ምጣዱም እዚያው ነው" አለች። አፈርኩ። ስንቱ ቤታችን እንዲሁ አይደል? ልጆች ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ዘርግተው በሚተኙበት ቤት "ቴሌቪዥን መኝታ ቤት ይግባ ወይስ አይግባ?" ብሎ መጠየቅ የሀብታም ጥያቄ ነው። ቃና በ2008 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ በአማርኛ የተተረጎሙት ተከታታይ ድራማዎች ስንት ሕፃን ከእንቅልፉ እንዳቆዩት እነዚያ ፍራሾች ይመስክሩ። እዚያ ቤት መልሱ ትልልቆቹ ቶሎ ማጥፋት ነው፤ ከባድ ነው፣ ግን ሌላ መልስ አላውቅም።

በኋላ ግን ያቺ እናት ስለ ማታቸው ስትነግረን የባሰ ዝም አሰኘችኝ። እሷ ምስር ስትለቅም ልጇ እሷ በሌለችበት ያየውን ሁሉ ይተርክላታል። ማን ማንን እንደከዳ፣ ማን እንደሞተ ይነግራታል። እሷም "ውይ! እና እናቱ ምን አለች?" እያለች ታስቀጥለዋለች። አንዳንዴ "ይሄስ ጥሩ አላደረገም" ትላለች፤ ይከራከራሉ። በአንድ ክፍል ውስጥ የእማማ ሳሎን አለ። እኔ በሁለት መኝታዬ አጥቼዋለሁ።

1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 3ን ሁላችሁም ከሰንበት ትምህርት ጀምሮ ታውቁታላችሁ። ልጁ ተኝቷል፣ መብራቱ ገና አልጠፋም፣ በስሙ የሚጠራው ድምፅ ይመጣል። እኔ ለዓመታት ያስተማርኩት ስለ ሳሙኤል ታዛዥነት ነበር። በዚያ ሰሞን ሳነብበው ግን ዓይኔ ዔሊ ላይ ቀረ። ዔሊ የተሳካለት አባት አልነበረም። የገዛ ልጆቹን ማረም አቅቶታል፤ ዓይኖቹም ፈዝዘዋል። ቢሆንም ሌሊት ድምፅ የሰማው ልጅ ተነሥቶ የሚሮጠው ወደ እሱ ነው። ሽማግሌው ሁለቴ አልጠራሁህም ብሎ መልሶ አስተኛው። እንቅልፉን አቋርጦ ሦስተኛ ጊዜ ሲቀሰቅሰው እንኳ አልተቆጣውም፤ ያን ጊዜ ነገሩ ገባው። ሳሙኤል የጌታን ድምፅ ገና አያውቀውም ነበር፤ የማን ድምፅ እንደሆነ የነገረው ይህ የደከመ ሰው ነው። በጨለማ የሰማውን ይዞ የሚሮጥበት ሰው ባይኖርስ ኖሮ? እኔ ዔሊን ያህል እንኳ አልሆንኩም። ልጄ ያየውን ይዞ እኔ ጋ እስኪደርስ ቀናት ፈጅቶበታል፤ ያውም ገላውን ስለማጥበው ነው።

ልጅ ከቶ ብቻውን አይሁን ማለቴ አይደለም። ጌታ በማቴዎስ 6 እልፍኝ ገብቶ በር ዘግቶ መጸለይን አስተምሯል፤ የተዘጋ በር የራሱ ጸጋ አለው። ልጅም ጣሪያ ጣሪያውን እያየ የሚያስብበት፣ የሚሰለችበት ጊዜ ጭምር ይገባዋል። ቴሌቪዥኑ ሳይገባ በፊት ልጄ ከመተኛቱ በፊት ለራሱ ሲያወራ፣ ግጥሙን እያበላሸ ሲዘምር ከበሩ ኋላ እሰማው ነበር። በእነዚያ ወራት ያ ድምፅ ጠፋ፤ መጥፋቱን እንኳ ያወቅሁት ሲመለስ ነው። ብቻውን የነበረበትን ሰዓት ስክሪኑ ሞላው፣ አብሮን የነበረበትንም ሰዓት ስክሪኑ ወሰደው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። አብዛኞቻችሁ ልጅ የላችሁም፤ ለቤት ቴሌቪዥን የምትገዙትም እናንተ አይደላችሁም። ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ያላችሁ ግን ስንት ናችሁ? ከታናሻችሁ ጋር በአንድ አልጋ የምትተኙስ? ብርድ ልብስ ውስጥ የምትከፍቱት ስልክ ትንሽ ቴሌቪዥን ነው፤ አጠገባችሁ ያለው ልጅ ደግሞ እናንተ የምታስቡትን ያህል አልተኛም። "ተኝቷል" ትላላችሁ። እኔም ስለ ልጄ የምለው ይህንኑ ነበር።

በብዙ ቤት አባት ማታ ሲገባ ልጁ ተኝቷል፣ እናት ወጥ ቤት ናት። ስለዚህ ያ ልጅ አባቱን ማግኘት አለማግኘቱን የሚጠይቀው ታናሽ ወንድማችሁ መጀመሪያ የሚመጣው ወደ እናንተ ነው። "አትጨቅጭቀኝ፣ ተኛ" ስትሉት ጥያቄው አይተኛም። ከመካከላችሁ አንዳንዱ ደግሞ ሥራ ጀምሮ በመጀመሪያ ደሞዙ ለታናናሾቹ ታብሌት ሊገዛ ያስባል፤ ከዱባይ ወይም ከቤይሩት ያለች እኅት ስልክ የላከችለትም አለ። ይህ ፍቅር ነው፤ በዚያ ስልክ ውስጥ የስንት ቀን ድካም እንዳለ የሚያውቅ ያውቀዋል። አትስጧቸው አልልም። ስትሰጧቸው ግን ማታ የት እንደሚያድር አብራችሁ ወስኑ፤ ግማሽ ሰዓት እንኳ ቢሆን አጠገባቸው ተቀምጣችሁ የሚያዩትን እዩ። አሰልቺ ነው። እኔ አንዱን ካርቱን ዐሥር ጊዜ ሳላየው አልቀርም።

"እኔስ 17 ዓመቴ ነው፣ እኔንም ይመለከታል?" የሚል ይኖራል። ለእናንተ ቁጥር የለኝም። ለ7 ዓመት ልጅ የማያዳግም መልስ አለኝ፣ አይሆንም። ለእናንተ ግን በሩን የሚዘጋውም የሚከፍተውም የእናንተው እጅ እየሆነ ነው። የራሴን ብቻ ልንገራችሁ፦ የልጆቼን ቴሌቪዥን ባወጣሁበት ማታ ልጄ "አንተስ ስልክህን ይዘህ አይደል የምትተኛው?" አለኝ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ስልኬ ሳሎን ያድራል። ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ ዐሥራ አምስት ዓመት ያልሞላው የቻይና ሰዓት ነው፤ አምስት ደቂቃ ይቀድማል።

ቴሌቪዥኑ የወጣ ሰሞን ልጄ ሁለት ቀን አኮረፈኝ። ትንሿ "ቴሌቪዥኑ ታሞ ነው?" ብላ ጠየቀች። የረቡዑ ሁከትም እንደ ነበረ ተመለሰ። አሁን ልጆቹ ሳሎን አብረውን ይቀመጣሉ፤ ሴቷ ያለ ቦታው አሜን ትላለች፣ ውሃ ይለመናል፣ ነጠላ ይጎተታል። "ዛሬ መገኘቱ ልዩ ነበር" ያለኝ ወንድም አንድ ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠርጓል። አንድ ረቡዕ የጸሎት ርእስ ሲጠየቅ ልጄ እጁን አወጣና "አቧራው ውስጥ ላለው ልጅ" አለ። ማን እንደሆነ የገባው አልነበረም። ያቺ እንጀራ የምትጋግረው እናት ግን "እኔን!" አለችና ዓይኗን ጨፈነች። ጸለይንለት። እስካሁንም አባቱን ያግኝ አያግኝ አላወቅንም።

ቴሌቪዥኑ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥኑ ላይ ነው። ባለፈው ወር አንድ ዘመዳችን ሊጠይቀን መጥቶ አየውና "ካልፈለጋችሁት ለልጆቼ ክፍል ይሆነኛል" አለኝ። ዋጋውንም ራሱ ጠራ። እስካሁን መልስ አልሰጠሁትም።